ለኮች አራት

ደብተሩ አሁንም እቤቴ አለ። ሰማያዊ ሽፋን፣ ባለ ካሬ ወረቀት፣ ጠርዙ የገንዳ ውሃ ጠጥቶ ደርቆ የተኮማተረ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. የሚለው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩት ሰንጠረዥ አለ። በስተግራ የስምንት ልጆች ስም፣ ከላይ የሳምንቱ ቀናት፣ በየሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሁለት ቁጥር፤ አንዱ የጠዋቱ ልምምድ፣ አንዱ የማታው። ሦስተኛው መስመር ያኔ 15 ዓመቷ የነበረች የአንዲት ዋናተኛ ነው። ሰኞ 4 እና 4። ማክሰኞ 4 እና 4። ረቡዕ 4 እና 5። ሐሙስ 4 እና 4። አርብ እንዲሁ፣ ቅዳሜም እንዲሁ። አጻጻፌ ያምራል። በዚያ ገጽ እኮራ ነበር።

ዛሬ የምናዘዘው በእነዚያ አራቶች ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ 25 ሜትር ገንዳ ልጆችን ዋና አሰለጥናለሁ። ክለቡን አልጠራውም። ደብተር ያዝ ብሎ ያስገደደኝ የለም፣ ልጅ አስፈራራ ያለኝም የለም፤ ሁለቱንም በገዛ ፈቃዴ ያደረግሁት ነው።

እኔ ያደግሁት በሜትር ነው። የኔ አሰልጣኝ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ስንት ዋኘህ?» አራት ሺህ ካልክ ሰው ነህ፤ ሁለት ሺህ ካልክ ውሃ ስታንቦጫርቅ ውለህ ገብተሃል። እኔም አሰልጣኝ ስሆን ያንኑ ወረስኩ። አሰልጣኞች ስንገናኝ እህል ነጋዴ ኩንታሉን እንደሚቆጥር ኪሎ ሜትር እንቆጥራለን። «የኔ ልጆች በሳምንት 30 ገብተዋል።» «የኔዎቹ 35።» ሦስተኛው ዝም ይላል፤ የሱ 20 ነው።

ሜትር እንደሚዋሽ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በፈጠንክ ቁጥር ውሃው የሚመልስልህ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ያንን ሰንጥቆ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በኪዩብ። በደብተር ቋንቋ ላስቀምጠው፦ 100 ሜትሩን በ80 ሰከንድ ሲዋኝ የነበረን ልጅ «በ72 ግባ» ብትለው ፍጥነቱ የጨመረው 11 በመቶ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ግን 37 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው 100 ነው። ሁለት ልጆች እኩል 4,000 ሜትር ዋኝተው አንዱ እየሳቀ፣ ሌላው ግድግዳ ይዞ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣው ለዚህ ነው። የሜትር ፍቅርን ያስተዉ ጥናቶችም ነበሩ። በአሜሪካ ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዴቪድ ኮስቲል እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው አንዱ ነው፤ ለስድስት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ የዋኙት በቀን አንዴ ከዋኙት የበለጠ ጥቅም አላገኙም። ከአራት ዓመት በኋላ ኢኒጎ ሙሂካ 18 ዋናተኞችን አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ተከታትሎ፣ ከመሻሻላቸው ጋር የሚሄደው የልምምዱ ክብደት እንጂ ርዝመቱ ወይም ብዛቱ አለመሆኑን አሳየ።

እነዚህን ያነበብኩ ሰሞን አዲስ ሃይማኖት እንደያዘ ሰው ሆኜ ነበር። ሜትርን ረገምኩ፤ ጫናን ለመለካት ተነሣሁ። ግን በምን? ጡንቻ ሲለፋ የሚወጣውን ላክቴት ለመለካት ጣት እየወጉ ደም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ማሽኑም ወረቀቱም በዶላር ነው። የልብ ምት ቀበቶ ሞክረናል፤ ልጁ ግድግዳውን ረግጦ ሲወጣ ቀበቶው ወገቡ ላይ ይወርዳል። ጣትን አንገት ላይ አድርጎ 10 ሰከንድ ቆጥሮ በ6 ማባዛቱም አለ፤ ልጆቹ ግን ጎረቤታቸው የተናገረውን ሰምተው ያንኑ ይደግማሉ።

በመጨረሻ ካርል ፎስተር የተባለ ተመራማሪ ያወጣውን ዘዴ አገኘሁ። ለእንደኛ ዓይነቱ ክለብ ተብሎ የተፈጠረ ነው የሚመስለው፤ ወጪው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ካበጀው መለኪያ የተወሰደ ከ0 እስከ 10 የሚሄድ ሚዛን አለ። ልምምዱ ካለቀ ከ30 ደቂቃ ያህል በኋላ ልጁን «እንዴት ነበር?» ትለዋለህ፣ አንድ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ቁጥሩን ልምምዱ በፈጀው ደቂቃ ታባዛለህ። 75 ደቂቃ የፈጀ ልምምድ 4 ከተባለ 300 ነው። 8 ከተባለ 600። አለቀ። በማሽን ከተለካው ጋር ሲተያይም የማያሳፍር ውጤት እንደሚሰጥ ዋናተኞች ላይ ሳይቀር ተፈትኗል።

ሚዛኑን ወደ አማርኛ መልሼ ካርቶን ላይ ጻፍኩት። 0 እረፍት፣ 2 ቀላል፣ 3 መካከለኛ፣ 4 ከበድ ያለ፣ 5 ከባድ፣ 7 በጣም ከባድ፣ 10 ከዚህ በላይ የለም። ከግድግዳው ሰዓት ጎን ሰቀልኩት። 30 ደቂቃ መጠበቁን ተውኩት፤ ልጆቹ ከጠዋቱ ልምምድ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። ስለዚህ ገና ከውሃው ሳይወጡ፣ እጃቸውን ጠርዙ ላይ እንዳደረጉ፣ በተራ፣ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረግሁ። ለግል የሚጠየቀውን በአደባባይ መጠየቄ ምንም አልመሰለኝም። ክፍል ውስጥ ስም መጥራት ነበር የመሰለኝ።

ጥቅምት ላይ ነው። የዕለቱ ዋና ሥራ አሥር ጊዜ 100 ሜትር፣ በየ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንዱ መነሳት። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ነበር፣ ቀጭን፣ ከንፈሩ ቶሎ የሚጠቁር። ተራው ደረሰ።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ?» አልኩት። «አንተ ልጅ፣ ዘጠኝ ማለት ምጥ ነው! ወልደህ ነው የመጣኸው?»

ገንዳው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልዴ ጥሩ መስሎኝ። ልጁ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነከረ። ቀጥላ የነበረችው እሷ፣ የሦስተኛው መስመር ልጅ ናት፤ ያን ቀን ከሁሉም ቀድማ የገባችው፣ ትከሻዋ ከውሃው በላይ ሲወጣ ሲወርድ የማየው።

«አንቺስ?»

«አራት።»

«ጎበዝ!»

ይህችን «ጎበዝ» ነው ብዙ ሌሊት የማስታውሳት። ስለ ምጡ ቀልድ ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ይቅርም ብሎኛል። «ጎበዝ»ን ግን ማንም በደል ብሎ አይቆጥራትም፤ ምርቃት ናት። እኔ በዚያች ቃል ለአንድ ቁጥር ማዕረግ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ገንዳ ከ5 በላይ የተናገረ ልጅ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። እኛ አገር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ጥያቄው ሳያልቅ ነው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለት የተኛ አጎቴን ስጠይቀው ያለኝ እሱኑ ነው፤ በማግሥቱ ዐረፈ። ታላቅ ፊት «ከበደኝ» ማለት ነውር ነው፣ «ደከመኝ» ማለት ማማረር ነው፣ አሰልጣኝ ፊት ሲሆን ደግሞ «ከቡድኑ አውጣኝ» እንደማለት ይቆጠራል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እኔም በልጅነቴ እግሬ ተሰንጥቆ «ምንም አልሆንኩም» ብዬ የዋኘሁ ሰው ነኝ። ግን ካርቶኑ ላይ ያሉት ቃላት ከውጭ ጥናት የመጡ ስለሆኑ የኛን ይሉኝታ አልፈው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። «ከባድ» ብዬ የጻፍኳት ቃል ለልጆቹ የስንፍና ማስረጃ ሆና እንደምትታያቸው አልገባኝም። ምን ያህል እንደሚፈሩኝ ለመለካት ከዚያ የተሻለ መሣሪያ ማንም አይሠራም ነበር፤ እኔ ግን ልምምዱን የምለካ መስሎኝ በየቀኑ እመዘግባለሁ።

የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። የግንቦት ውድድር እየቀረበ ስለነበር በዚያው ሳምንት ጠዋት ብቻ የነበረውን ልምምድ በቀን ሁለት አደረግሁት። አራት ነዋ የሚሉት! 4 ማለት ገና ቦታ አለ ማለት ነው። ልጅቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፣ 12 ሰዓት ላይ ገንዳ ውስጥ ናት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ 9 ሰዓት ላይ ቤቷ ገብታ ሽሮ በእንጀራ ትቀምሳለች፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳ ውሃ ውስጥ ናት። ጿሚ መሆኗን አውቃለሁ። እኔም ጿሚ ነኝ። ልዩነታችን እኔ ጃኬቴን ለብሼ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ጠርዙ ላይ መቆሜ ነው፤ ያም ሆኖ 4 ሰዓት ሳይሞላ ሰው አላናግርም ነበር።

ያው ኮስቲል እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣውን ሌላ ጥናት ያኔም አንብቤው ነበር። 12 ጠንካራ ወንድ ዋናተኞች ለ10 ቀን የሚዋኙትን ከ4,266 ወደ 8,970 ሜትር በቀን አሳደጉባቸው። ከ12ቱ አራቱ ፍጥነታቸውን መያዝ አቃታቸው። ጡንቻቸው ሲመረመር የተከማቸው ግላይኮጅን አንሷል፤ የሚበሉት ካርቦሃይድሬት ለሚሠሩት ሥራ አይበቃም ነበር። ሌላ ምስጢር የለውም። ጽሑፉ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ልጅቱ በባዶ ሆዷ ገንዳዬ ውስጥ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ግን አልነበረም። ሰውዬው እኔ ነበርኩ መሆን የነበረብኝ። ጹሚ ወይም አትጹሚ ማለት የኔ ድርሻ አይደለም፤ የነፍስ አባት አላት። የጠዋቱን ልምምድ ለ55 ቀን መተው ግን የኔ ድርሻ ነበር።

ወደ ሰንጠረዡ ልመለስ፤ ጉዱ እዚያ ነው። ፎስተር ከጫናው ሌላ ሁለት ነገር እንድናሰላ ይመክራል። አንደኛው የሳምንቱ አንድ ዓይነትነት ነው፤ የቀኑን አማካይ ጫና ቀናቱ እርስ በርስ በሚለያዩበት መጠን፣ ሒሳብ የተማረ ሰው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በሚለው፣ ታካፍላለህ። ከባድና ቀላል ቀን ከተፈራረቁ ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል፤ ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ከሆነ ያድጋል፤ ከ2 ሲያልፍ መጠንቀቅ ነው። ሁለተኛው፣ ይህን በሳምንቱ ጠቅላላ ጫና ስታባዛው የምታገኘው ውጥረት ነው። የእሷን የዚያን ሳምንት አሁን እንደገና ሠራሁት። አምስት ቀን 600፣ ረቡዕ 675፣ እሑድ ባዶ። ጠቅላላ 3,675፣ አማካይ 525፣ መለያየቱ 233። አንድ ዓይነትነቱ 2.25። ውጥረቱ ከ8,200 በላይ።

ያኔም ሠርቼው ነበር። 2.25 ብዬ ጽፌ አጠገቡ በቀይ «ጥሩ ጽናት» ብያለሁ። እነሆ፣ ገጹ ላይ አለ። በሐሰት የተሞላው ሰንጠረዥ እንኳን «ተው» እያለኝ ነበር፤ ልጅ በሳምንት 12 ጊዜ ዋኝቶ 11 ጊዜ አንድ ዓይነት ስሜት ሊሰማው አይችልም። ከኛ ገንዳ በላይ እንጦጦ ላይ ሯጮች ቀላል በተባለ ቀን በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ እንዴት ቀስ ብለው እንደሚሮጡ አይቻለሁ፤ ኮንዲሽናቸውን እንደ ገንዘብ ነው የሚቆጥቡት። እኔ ግን የየካቲቱንና የመጋቢቱን ግራፍ በወላጆች ስብሰባ ላይ ግድግዳ ላይ አብርቼ አሳየሁ። ቀጥ ያለ መስመር። «ጫናው እንዲህ ጨምሮ እንኳን አልከበዳቸውም» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የእሷም እናት አጨበጨቡ።

እውነተኛው ቁጥር ደግሞ እዚያው ደብተር ውስጥ ነበር፤ በራሴ እጅ የተጻፈ። ዋናተኛ ሲደክም ቀዘፋው ያጥራል፤ ያንኑ ሰዓት ለመግባት ብዙ ጊዜ መቅዘፍ ይኖርበታል። የእሷን ጥር ላይ ቆጥሬ በ25 ሜትር 18 ብያለሁ። በመጋቢት መጀመሪያ 20። መጋቢት 13፣ ረቡዕ ማታ፣ በኅዳጉ ላይ «22። ቴክኒኳ ተበላሽቷል። እጅ ማርዘም!» የሚል አለ። ከጠርዙ ላይ ሆኜ «እጅሽን አርዝሚ! ውሃውን ያዢው!» እያልኩ ስጮህ ይሰማኛል። ልጅቱ በአፏ 5 እያለች ክንዷ 22 ይላል፤ እኔ አፏን መዝግቤ ክንዷን ገሠጽኩት። ሚያዝያ ላይ ጉንፋን ሦስት ጊዜ ያዛት። የአየሩ ነው አልኩ።

ግንቦት ውድድሩ ደረሰ። 400 ሜትር ነፃ ቀዘፋ። ጥቅምት ላይ፣ በቀን አንድ ጊዜ እየዋኘች፣ 5 ደቂቃ ከ24 ገብታ ነበር። ከሰባት ወር ልፋት በኋላ 5 ደቂቃ ከ43 ገባች። የመጨረሻዎቹን 100 ሜትሮች አልገልጻቸውም፤ አንገቷ ውሃ ውስጥ እንደ ከበደ ባልዲ ወደ ጎን ሲጋደል አይቻለሁ፣ ይበቃል። ግድግዳውን ስትነካ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለቱም በኩል ያሉ ልጆች እየሰሙ፣ «ምን ነካሽ? ሰንፈሻል እኮ!» አልኳት።

«ይቅርታ ኮች» አለችኝ።

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ሰኔ ላይ እናቷ ፊኗንና ቦርዷን በፌስታል ይዘው መጡ። «ትምህርቷ ላይ ታተኩር ብለን ነው» አሉ በትሕትና፤ አመሰገኑኝም። በሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። «ረቡዕ ረቡዕ ማታ እኮ ሳትበላ ነበር የምትተኛው። እጇ አልነሣ እያላት ጸጉሯን የማበጥርላት እኔ ነበርኩ። ነግራዎት የለም እንዴ?»

«አልነገረችኝም» አልኩ። እናቲቱ ፊት ቆሜ ጥፋቱን በአንዲት ቃል ወደ ልጅቱ አሻገርኩት። ይህንንም ከጥፋቴ ጋር ጻፉልኝ።

ያም ሆኖ ገና አልገባኝም ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከመልበሻው ጎን ባለችው ዕቃ ቤት ቦርድ እቆጥራለሁ። በመሃል ያለው ኮምፖንሳቶ ነው። ልጆቹ እዚያ መሆኔን አላወቁም።

«ዛሬ ስንት?»

«ለኮች ነው ለኛ?»

«ለኛ።»

«ዘጠኝ ከግማሽ።»

«ለኮችስ?»

«አራት ነዋ!» ሳቅ።

ዘጠኝ ከግማሽ ያለው ያ «የወለደው» ልጅ ነው። በእጄ ቦርድ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ስንት እንደቆጠርኩ ጠፋኝ። በማግሥቱ ለብቻው ጠርቼ፣ እንደማልቆጣ ምዬ ጠየቅሁት። ሁለት ቁጥር ነበራቸው። ከዚያ ከጥቅምቱ ቀን ጀምሮ ለኔ አንድ፣ ለራሳቸው አንድ። ማን እንደጀመረው ስጠይቀው አመነታ። «እሷ ናት» አለ በመጨረሻ። «‹ለኮች አራት በሉ፤ ጎበዝ ብሎ ያልፋችኋል› አለችን።» ትንንሾቹን ከኔ ለመከለል ነበር። የኔ የጫና ልኬት ሥራ ላይ በዋለባቸው ወራት በዚያ ገንዳ ጫናን በትክክል ይለካ የነበረው መልበሻ ቤቱ ነው፤ ኃላፊዋ እሷ ነበረች።

አሁን እንዴት እንደምሠራ የሚጠይቁኝ አሉ። ቁጥሩን አልተውኩትም፤ ጥፋቱ የፎስተር አይደለም። ካርቶኑን አውርጄዋለሁ። ልጆቹ ከለበሱ፣ ሻይ ከያዙ በኋላ ቁጥራቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላሉ። እኔም ከልምምዱ በፊት ስንት እንዲሆን እንዳሰብኩ ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ማታ ሁለቱን አስተያያለሁ። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ነው የሚያስተምረኝ። ፎስተር ራሱ ይህን ጽፎበታል፤ አሰልጣኝ ቀላል ባለው ቀን አትሌቶች ካሰበላቸው በላይ ይሠራሉ፣ ከባድ ባለው ቀን ደግሞ ያንሳሉ። 9 ካገኘሁ ስለ 9 አንዲት ቃል አልናገርም፤ የማግሥቱን እቀንሳለሁ። ጾም ሲገባ የጠዋቱ ልምምድ ይዘጋል። ቀዘፋ እቆጥራለሁ፣ ስቆጥርም አልጮህም። ከልምምድ ለማምለጥ 9 የሚጽፍ አንድ ሰነፍ ልጅ አለኝ፤ አውቀዋለሁ፤ የሱንም 9 እንዳለ እመዘግበዋለሁ። እሱን አንድ ጊዜ «ውሸታም» ብለው ቆርቆሮው በሙሉ አራት ይሆናል።

ባለፈው ዓመት አንድ ባንክ ውስጥ አገኘኋት። ቆጣሪ ሆናለች። ሳላያት ወረፋዬ ደርሶ፣ ቀና ስል እሷ ናት። «ኮች!» ብላ ተነሣች፣ በመስታወቱ ቀዳዳ እጄን ያዘች፣ የቤተሰቤን ጤና አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እኔም ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ብዙ ጊዜ በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከኋላዬ ሰው አለ፣ የወረፋ መጥሪያው ይጮኻል፣ ንግግሩ ጠፋኝ። የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው፦

«ያን ጊዜ በድዬሻለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ማታ... ስንት ነበር? የእናንተን ቁጥር ንገሪኝ።»

ዝም አለች። ብሬን እየቆጠረች ነበር፤ ጣቷን ስፖንጅ ላይ ነከር አድርጋ መቁጠሯን ጨረሰች፣ በላስቲክ አሰረችው፣ በቀዳዳው ገፋችልኝ።

«አራት» አለች።

ቀና አላለችም፤ እየቀለደችብኝ ይሁን አይሁን ፊቷን አላየሁም። ከኋላዬ ያሉት ሰውዬ ደብተራቸውን ትከሻዬ ላይ አልፈው እያቀበሉ ነበር።